ዝም በይ የተባልኩበት ክረምት

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ይህን ደብተር በፈቃዴ አልገዛሁትም፤ ታዝዤ ነው። የተሰማኝን በየቀኑ እንድጽፍ ተነግሮኛል። የተሰማኝ ይህ ነው፤ ሥራ ተቆልሎ እያለ አንድ ሙሉ ጠዋት በከንቱ ባከነብኝ።

ባለድርጅቱ ጠዋት ቢሮው አስጠራኝ። ወንበር ሲያቀርብልኝ ነገር እንዳለ ገባኝ። ይህ ሰው ወንበር የሚያቀርበው ለባንክ ሰዎችና ለሚያሰናብታቸው ብቻ ነው። «ሁለተኛውን ላውንደሪ ክረምቱ ሲወጣ እንከፍታለን» አለ። አውቃለሁ፤ ማሽኖቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። «ሁለቱንም የሚመራ አንድ ዋና ሥራ አስኪያጅ ያስፈልገኛል» አለ። ይህንንም አውቃለሁ፤ ከእኔ ሌላ ማን አለና? ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እጅሽ ወርቅ ነው። አፍሽ ግን ሰው ያባርራል። በዚህ ዓመት ስንት ሰው ለቀቀብን?»

«የለቀቁት ሰነፎች ናቸው፣ ጋሼ።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። ለትልልቅ ኃላፊዎች የአመራር ስልጠና የምትሰጥ ሴት ቀጥሮልኛል። ክረምቱን ሙሉ እየተገናኘን እናወራለን። በመጨረሻ የእሷን አስተያየት ይሰማና ወይ ወንበሩን ለእኔ ይሰጠኛል፣ ወይ ከውጭ ሰው ያመጣል። ደብተሩንም ያዘዘችው እሷ ናት፤ ገና መልኬን ሳታይ።

እኔ የሆስፒታል አንሶላና የሆቴል ፎጣ እያጠብኩ ያደግኩ ሰው ነኝ። ከእጥበት ክፍል ተነስቼ ሥራ አስኪያጅ የሆንኩት በመለፍለፍ አይደለም። በመሽኮርመምም አይደለም።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

አየኋት። ከእኔ ብዙ ታንሳለች። ቢሮዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነው ያለው፤ ፊት ለፊት የተቀመጡ፣ መሐላቸው ጠረጴዛ የሌለ። ክርኔን የት ላሳርፈው? ከእኔ ወንበር አጠገብ የሶፍት ካርቶን ተቀምጧል።

«ይሄ ለማን ነው?» አልኳት።

«ለሚያስፈልገው።»

«ጉንፋን የለብኝም።»

ፈገግ አለች። ከዚያ ጀመረች። ባለድርጅቱ ሲያናግርዎት ምን ተሰማዎት? ሠራተኛ ሲለቅ ምን ተሰማዎት? አሁን ይህን ስጠይቅዎት ምን ተሰማዎት? ስሟን ረስቼዋለሁ፤ ወይዘሮ ምን-ተሰማዎት ብያታለሁ።

እኔን ከማግኘቷ በፊት ሠራተኞቼን አነጋግራለች። ስም ሳትጠራ ያሉትን አነበበችልኝ። አንዱ «እሷ ባለችበት አላስብም፤ ማሰብ የእሷ ሥራ ነው» ብሏል። ይህ ምስጋና ነው አልኳት። ጻፈች። ምን ጻፍሽ ስላት «ምስጋና ነው ማለትዎን» አለች።

ሌላው ስለ ምክትሌ ነው የተናገረው፤ «ጥሩ ሰው ነው፤ ግን አንድ አረፍተ ነገር ሲጨርስ ሰምተን አናውቅም።» ምክትሌን ከመተኮሻ ክፍል አንስቼ እዚህ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ትሑት፣ ታማኝ፣ ቀርፋፋ። ንግግሩን ሁሉ «ምናልባት» ብሎ ስለሚጀምር በሆዴ ምናልባት ነው የምለው። አረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ ብጠብቀው አንሶላው ማድረቂያ ሳይገባ በራሱ ይደርቃል።

ሰኔ 7፣ ዓርብ

ቦይለሩ ቆመ። ድምፁ መቀየሩን የሰማሁት እኔ ብቻ። ተሠራ። ምሳ የለም። ደብተር የሚጽፍ ሰው ሥራ የለውም።

ሰኔ 11፣ ማክሰኞ

ሴትዮዋ ዛሬ በጠዋቱ ስብሰባችን ላይ ተገኘች። ስብሰባ ስል ወንበርና ውሃ ያለበት አይደለም። መለያ ክፍሉ ፊት ለፊት ቆመን የቀኑን ሥራ የምንከፋፈልበት ነው፤ የማን ጨርቅ ቀድሞ ይግባ፣ የትኛው ማሽን ለማን ይሁን። ጥግ ይዛ አየች እንጂ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ሲያበቃ ምን አየሽ አልኳት። እሷ እርስዎ ትለኛለች፣ እኔ አንቺ እላታለሁ፤ እኩያዬ አይደለችም።

«ጥያቄ ሲጠይቁ አየሁ። የመለሱትም እርስዎ ነዎት።»

«መልሱን ስለማውቀው ነዋ።»

«ሌላ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?»

«እኔ እያለሁ ማወቁ ምን ያደርግላቸዋል?»

አሁንም ጻፈች። አፌን በከፈትኩ ቁጥር የምትጽፈው አታጣም።

ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። ሳቀ ሳቀና ሳል ያዘው። «ይህን ለማወቅ ነው ሰው የቀጠሩት? እኔን ቢጠይቁኝ በነፃ እነግራቸው ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ አንቺ ሴትዮ፣ አንዳንዴ እኮ…» አለ። ከዚያ ምን ሊል እንደነበር አላውቅም፤ ዜና ጀምሯል ብዬ ዝም አሰኘሁት።

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ከተቆለሉት አንሶላዎች ጀርባ ቆሜ የሰማሁት። ሁለት ሴቶች ያጥፋሉ።

«ቦይለሯ አለፈች?»

«አለፈች።»

«አየችው?»

«አየችው።»

«ጮኸች?»

«አልጮኸችም።»

«እንግዲያው ይሁን ብላለች። እጠፊው።»

ቦይለሯ እኔ ነኝ። ስሙን አልጠላሁትም። ቦይለር ከሌለ እዚህ ቤት ትኩስ ውሃ የለም። አሠራራችንም እንዳሉት ነው፤ ይፈረምልኝ፣ ይፈቀድልኝ የሚባል ጣጣ የለንም። ያልጮኽኩበት ነገር ሁሉ የተፈቀደ ነው። ስንት ዓመት ሠራንበት፣ ምን ጎደለብን? ለሴትዮዋ ግን አልነግራትም፤ እሱንም ትጽፈዋለች።

ሰኔ 19፣ ረቡዕ

በዚህ ዕድሜዬ የቤት ሥራ ተሰጠኝ። እስከሚቀጥለው ቀጠሯችን ድረስ በጠዋቱ ስብሰባ ላይ አልወስንም። ምክትሌ ሐሳብ ሲያመጣ እስኪጨርስ ዝም እላለሁ፤ የሚወስነውም እሱ ነው። ዝም የማልለው ሰው የሚጎዳ ነገር ካየሁ ብቻ ነው።

«ጨርቅ የሚያበላሽ ነገር ባይስ?» አልኳት።

«ጥያቄ ይጠይቁት። መልሱን ግን ለእሱ ይተዉለት።»

«ጠይቄ ዝም?»

«ጠይቀው ዝም። አንድ ነገር እንዳይረሱ ግን። አስቀድመው ለሠራተኞቹ ይንገሯቸው። ልምምድ ላይ ነኝ፣ ዝም ስል ተስማምቻለሁ ማለት አይደለም ይበሏቸው።»

«እሺ» አልኩ።

እሺ ያልኩት እንድትለቀኝ ነው። ሠራተኞቼ ፊት ቆሜ ተማሪ ሆኛለሁ ልበል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት? ይቅርብኝ። ዝም በይ ከተባልኩ ዝም ማለት አያቅተኝም፤ ዝም አይነቅዝም። እኔ ዝም ያልኩበት ቤት ምን እንደሚመስል ደግሞ አንድ ጊዜ ይዩት።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ዝም አልኩ። ምናልባት ደጋግሞ ንግግሩን እያቋረጠ ፊቴን አየ። ፊቴ ግድግዳ ነበር። ሥራው በሰዓቱ አለቀ። ዕድል ነው።

ሰኔ 25፣ ማክሰኞ

ምናልባት የመተኮሻ ክፍሉን ሰዎች አቀያየረ። ረጃጅሞቹን ለአንሶላ፣ አጫጭሮቹን ለትራስ ልብስ። ሥራው ቶሎ አለቀና ሴቶቹ ቆመው ሲጨዋወቱ አየሁ። እኔም አስቤው አውቃለሁ፤ ጊዜ አጥቼ ነው። ቤት ስገባ ራት አላሰኘኝም።

ሰዎቹ ደግሞ ነገር ዓለማቸው አላማረኝም። ስገባ መንገድ ይለቁልኛል። አንዷ ወንበር ይዛልኝ መጣች። ለምን? «ይቀመጡ፣ አለቃ፣ እኛ አለንልዎት» አለችኝ፤ እንደ አራስ። ደሜ ፈላ፤ ግን ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ።

ማታ ልጄ መጣች። ራሷን ችላ ከወጣች ወዲህ የምትመጣው አልፎ አልፎ ነው። ስለ ሥራዋ፣ ስለ አከራይዋ፣ ስለ አንድ ልጅ ስታወራ አመሸች። ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ የዋለ አፍ ማታም መከፈት አቃተው መሰለኝ፣ ዝም ብዬ ሰማኋት። ስትሄድ ግንባሬን ዳሰሰች። «እማዬ፣ ያምሻል እንዴ?»

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

እንዳልኩት ሆነ። ይመዝገብልኝ።

ያለን አንድ ትልቅ ማጠቢያ ማሽን ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ተበላሽቶ መለዋወጫ ይጠብቃል። ጠዋት ሁለት ሥራ ተደራረበብን። ከሆቴል ቀያይ መጋረጃዎች፣ ከሆስፒታል የቀዶ ጥገና ክፍል ነጭ ጨርቆች፤ ሁለቱም ለዛሬው ማታ። ባለቀለም ታጥቦ ነጭ ከመግባቱ በፊት ማሽኑ ባዶውን አንድ ጊዜ መዞር አለበት። ባዶ ዙር ነው የምንለው። መጋረጃው አሮጌ ከሆነ ግን ስንቸኩል እንዘለዋለን፤ አሮጌ መጋረጃ ቀለሙን ለቆ ጨርሷል።

ምናልባት የሆቴሉ የድሮ መጋረጃ መስሎታል። እኔ ከመኪና ሲወርድ አይቼዋለሁ። ጫፉ ላይ የፋብሪካው ምልክት እንኳ አልተነቀለም። ገና ውሃ ያልነካው ጨርቅ ነው።

«ምናልባት… ጊዜ ስለሌለን… ባዶውን ዙር ብንዘለውስ?» አለና ፊቴን አየ።

ሁሉም ፊቴን አዩ። እኔ መስኮቱን አየሁ። ግቢውን ዝናብ እየደበደበው ነበር።

«እሺ፣ እንዝለለው» አለ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሲከፈት ያ ሁሉ ነጭ ጨርቅ ሮዝ ሆኖ ወጣ። ምናልባት አንዱን አውጥቶ በሁለት እጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔ አልጮኽኩም። ዝም በይ ያሉኝ እነሱ ናቸው።

ሐምሌ 3፣ ረቡዕ

ሆስፒታሉ የጠዋቱን ቀዶ ጥገና ወደ ከሰዓት አዛወረ። ከሌላ ላውንደሪ ለምነን ነጭ ጨርቅ አደረስን። የተጎዳ ሰው የለም። ሰው የሚጎዳ ነገር አልነበረም። ጨርቅ ነው። ጨርቅ ነው ብያለሁ።

ለሴትዮዋ ደወልኩ። «ዝምታሽ ይኸውልሽ» አልኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና «መጋረጃው አዲስ መሆኑን ያወቀ ሰው ነበር?» አለች። መስመሩ ጥራት አልነበረውም። ዘጋሁት።

ሐምሌ 4፣ ሐሙስ

ባለድርጅቱ እኔንና ምናልባትን ቢሮው ጠራን። ወንበር አላቀረበም።

«ባዶውን ዙር ዝለሉ ያለው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ምናልባት።

ቀጣዩን ጠበቅኩ። አለቃችን ቆመው ነበር፣ ፊታቸውን አይቼ ነበር እንዲል ጠበቅኩ። አልጨመረም። እንዲወጣ ተነገረው፤ በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። ቂል።

ባለድርጅቱ ያን ጊዜ ወንበር ሳበልኝ። «ሰኞ ይሰናበታል። ልክ ነበርሽ፤ ያለ አንቺ ይህ ቤት አንድ ቀን አይውልም። ስልጠናውም ይብቃሽ፣ ወንበሩ ያንቺ ነው።»

እንዲለኝ የምፈልገው ይህንኑ ነበር፣ ቃል በቃል። ማታ ለባለቤቴ ነገርኩት። «እንኳን ደስ አለሽ» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ልጁስ?» አለ። የምን ልጅ አልኩት፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሚስቱ የመጀመሪያቸውን ልትወልድ ቀኗ ተቃርቧል። ይህን ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም።

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ምናልባት ዕቃውን በካርቶን እየሰበሰበ ነው። ለተተኪው የሚሆን ማስታወሻ እየጻፈ ማሽን ለማሽን ይዞራል። ተተኪ እንዳለ ማን ነገረው?

ወንበሩ የእኔ ነው። ወንበሩ የእኔ ነው።

ሐምሌ 6፣ ቅዳሜ

ከማድረቂያዎቹ ጀርባ ብቻውን አገኘሁት።

«ለምን አልተናገርክም?» አልኩት።

«ምን ልናገር፣ አለቃ?»

«እኔ ቆሜ እንደነበር። ዝም እንዳልኩ።»

«እርስዎማ አሞዎት ነው።»

«ማንን ነው ያመመው?»

ነገሩ ቀስ በቀስ ከአፉ ወጣ። ዝም ማለት በጀመርኩ በማግስቱ የመተኮሻ ክፍሉ ሴቶች አለቃ በደህናዋ አይደለችም ብለዋል። አንዷ ጉሮሮዋን ነው አለች፣ ሌላዋ ልቧን ነው፤ ደብቃን ነው እንጂ አለች። ተመካከሩ። ጣጣ እንዳያመጡብኝ፣ ደረጃ እንዳያስወጡኝ፣ ስገባ ወንበር እንዲያቀርቡልኝ። ባለድርጅቱ ከሰማ ወንበሩን ይነሳታል ብለው ደግሞ ነገሩ ከእኛ እንዳይወጣ ተባባሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ቦይለር ለሚሏት ሴት ነው።

«ያን ቀን ፊትዎን ሳየው ደክሞዎታል» አለኝ። «እሺ ያሉኝ መሰለኝ። ኋላ ደግሞ፣ እንዴት ብዬ የታመመ ሰው አሳልፌ ልስጥ? አለቃችን ታመው ነው ባልል እንኳ፣ ቆመው ዝም አሉ ብል ለምን ዝም አሉ መባሉ ይቀራል?»

«አላመመኝም» አልኩት።

«እሰይ» አለ።

ከልቡ ነው ያለው። ዕቃውን በካርቶን ሰብስቦ እሰይ አለኝ። በዚህ ክረምት ሳልታዘዝ ዝም ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። ጥፋቱ የሴትዮዋ ነው፤ ዝም በይ ያለችኝ እሷ ናት። ንገሪያቸው ብላኛለች እንጂ። እሺ፣ የባለድርጅቱ ነው፤ ሥራ የሚሠራ አፍ ያዘጋል? ካልሆነ የምናልባት ነው፤ የፋብሪካውን ምልክት ማየት ነበረበት። አላየም። እኔ አይቻለሁ።

ባለቤቴ ጫማውን እየቦረሸ ስንጎራደድ አየኝ። «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል አሉ» አለ፣ ቀና ሳይል።

«እኔን ነው?»

«ጅራፉን ነው።»

ዜና አልነበረም፤ የማስቆምበት ሰበብ አጣሁ። «ያን ጊዜ አንዳንዴ እኮ ብለህ ያልጨረስከውን ጨርሰው» አልኩት። ብሩሹን አስቀመጠ። ልጃችን ቤት ከመምጣቷ በፊት ለእሱ እየደወለች «ዛሬ እንዴት ናት?» እንደምትለው ነገረኝ። የአየር ሁኔታ እንደሚጠየቅ። ስንት ዓመት እንደሆነው አልጠየቅኩም።

አፈርኩ። ይኸው ጻፍኩት፤ ደብተሩም ደስ ይበለው። መስኮቱን ያየሁት ለሴትዮዋ ትምህርት ልሰጥ ብቻ አልነበረም። የመተኮሻ ክፍሉ ሥራ ያለ እኔ ቶሎ ያለቀ ዕለት ነው ነገሩ የጀመረው። ያለ እኔ የሚሄድ ቤት ማየት አልቻልኩም። እንዲወድቅ ፈለግኩ፤ ወደቀ። የወደቀው ግን በእኔ ላይ ሳይሆን በእሱ ላይ ነው። ነገ ደግሞ ባለድርጅቱ ወንበር ሊያቀርብልኝ ነው።

አልቀመጥበትም።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ሴትዮዋም ተጠርታ ነበር፤ ስልጠናው ማለቁን ባለድርጅቱ በአካል ሊነግራት። ምክትሌ በር ላይ ቆሟል። አልተቀመጥኩም።

«መጋረጃው አዲስ እንደሆነ አውቅ ነበር» አልኩ።

ባለድርጅቱ ብዕሩን አስቀመጠ። «መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ማሽን ውስጥ ሳይገባ። ልዝለለው ወይ ብሎ ሲያየኝ እኔ መስኮት አየሁ።»

«ለምን?»

«ያለ እኔ እንደማይሆንላችሁ እንድታዩት።»

ሴትዮዋ ብዕር በእጇ ነበር፤ አላንቀሳቀሰችውም።

«አሁን ይቅርታ እየጠየቅሽኝ ነው?» አለ።

«እርስዎን አይደለም፣ ጋሼ። እርስዎ አፍሽ ሰው ያባርራል አሉኝ። እኔ አፌን ዘግቼ ሰው ላስባርር ነበር። ይቅርታ የምጠይቀው ሰው በር ላይ ቆሟል፤ እሱን ከዚህ ስንወጣ እጠይቀዋለሁ፣ እርስዎን አይመለከትም። የሚመለከትዎ ይህ ነው፤ እሱን የሚያሰናብቱ ከሆነ አስቀድመው እኔን ያሰናብቱ። ጥፋቱን አውቆ ያጠፋ ቀድሞ ይሂድ።»

«ወንበሩን ታጪዋለሽ።»

«ልጣው።»

«አብደሻል።»

«አላበድኩም፣ አላመመኝምም። ሰሞኑን ሰው ሁሉ ሐኪም ሆኖብኛል።»

ምክትሌ ሳያስበው ሳቀና አፉን ያዘ። ባለድርጅቱ አልሳቀም። ረጅም ጊዜ መስኮቱን አየ፤ አሁን ደግሞ የእሱ ተራ ነበር። በመጨረሻ ምክትሌ ሥራው ላይ ይቆይ አለ። እኔም ባለሁበት ልቆይ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ግን ከውጭ ይመጣል። ስልጠናው ይቀጥል፤ እንዲያውም ይብዛላት አለ።

ደረጃው ላይ ምክትሌን ይቅርታ ጠየቅኩት። እንዴት እንደሚባል ጠፍቶብኝ እንደ ትእዛዝ ወጣ፤ «ይቅር በለኝ!» ብዬ ጮኽኩበት። እሺ አለ፣ ደንግጦ። ሴትዮዋ ከኋላችን ስትወርድ «ዛሬ ምንም አልጻፍኩም» አለችኝ።

ወንበሩን ጠልቼው አይደለም። ፈልጌው ነበር፤ ዛሬም እፈልገዋለሁ። ያመኛል። ይኸ ነው የሚያመኝ።

ሐምሌ 9፣ ማክሰኞ

በጠዋቱ ስብሰባ ተናገርኩ። «አላመመኝም። ስልጠና ላይ ነበርኩ፣ መናገሩን ኩራቴ አልፈቅድ ብሎኝ ነው የደበቅኳችሁ። ሮዝ የሆነውን ጨርቅ እኔ እያየሁ ነው ያበላሸነው። ከዛሬ ጀምሮ ዝምታዬ እሺታ አይደለም። እሺታዬን የፈለገ ከአፌ ይቀበለኝ።»

«ስልጠናው መቼ ያልቃል?» አለች አንዷ።

«ስሻሻል።»

«ረጅም ነው በሉና» አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ። ሁሉም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም፤ ቤት ገብቼ ነው የሳቅኩት።

ሐምሌ 17፣ ረቡዕ

ሴትዮዋ ዛሬ አስገረመችኝ። ተቀምጬ ሳልጨርስ «አንድ ነገር ልንገርዎት» አለች። «ዝም ይበሉ ማለቴ ስህተት ነበር። ቤቱን ሳላውቀው ነው ያዘዝኩት። እናንተ ቤት ዝምታ ምን ማለት እንደሆነ ሠራተኞቹን ብጠይቅ ይነግሩኝ ነበር።»

«ጻፊው» አልኳት።

ጻፈችው፤ እያየኋት። ከዚያ በኋላ የሰማሁትን አሰብኩበት እንጂ አልተከራከርኩም። ስለ ልጄም ነገርኳት። ሶፍቱን አልነካሁትም፤ ግን ስወጣ ካርቶኑን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋው እንደነበር አስተዋልኩ።

ሐምሌ 26፣ ዓርብ

የምክትሌ ሚስት ወለደች። ሴት። ደህና ናቸው። ዛሬ እሱ የለም፤ የጠዋቱን ስብሰባ የመተኮሻ ክፍሉ ትልቋ ሴትዮ መራችው። ሁለት ጊዜ ምላሴን ነከስኩ፣ አንድ ጊዜ ጮኽኩ። ጩኸቱ ልክ ነበር።

ነሐሴ 20፣ ሰኞ

አዲሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ መጣ። ጫማው ያብረቀርቃል፤ እጥበት ክፍል ውስጥ በጫፍ በጫፉ ይራመዳል። ስለ እኔ ምን እንደተነገረው አላውቅም፤ ሲጨብጠኝ አጥብቆ ጨብጦ ቶሎ ለቀቀኝ።

በጠዋቱ ስብሰባ ላይ የሆስፒታሉን ሥራ መቼ ወደ አዲሱ ላውንደሪ እናዛውር ብሎ ጠየቀ። እኔ መለስኩ። ዛሬውኑ፤ ማሽኖቹ አዲስ ናቸው፣ ቦታው ሰፊ ነው፣ ምን ይጠበቃል? ማሽኖቹን የመረጥኳቸው እኔ ነኝ።

«አይሆንም፣ አለቃ» አለ ምክትሌ።

ሁሉም ዞረው አዩት። እሱ ማንንም አላየም። የአዲሱ ቦታ ውሃ ገና አልተመረመረም፤ የቀዶ ጥገና ጨርቅ ደግሞ በማይታወቅ ውሃ አይታጠብም አለ። እኔ ገባሁበት። ስለ ውሃ ከእኔ ወዲያ ማን ያውቃል፣ አንተ መተኮሻ ክፍል ሳለህ እኔ የስንቱን ሆስፒታል ጨርቅ አጥቤያለሁ፣ እያልኩ ጮኽኩ፤ በደንብ ጮኽኩ። አዲሱ ሰውዬ አንድ እርምጃ ወደኋላ ብሎ ወለሉ ላይ የተኛ ውሃ ውስጥ ቆመ።

ምክትሌ እጁን አጣምሮ ጠበቀኝ።

«ጨረሱ?» አለ። «እንግዲህ እኔ ልጨርስ።»

ጨረሰም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፤ ውሃው እስኪመረመር የሆስፒታሉ ሥራ እዚሁ ይቆይ፣ የሆቴሎቹ ቀድሞ ይሂድ። አዲሱ ሥራ አስኪያጅ እኔን አየ፣ እሱን አየ፣ «እንዳለው ይሁን» አለ።

ተናድጄ ምሳ አልበላሁም። ልጄ ማታ ደወለች፤ ለአባቷ ሳይሆን ለእኔ። «ዛሬ እንዴት ነሽ?» አለችኝ። ተናድጃለሁ አልኳት፤ በማን ስትለኝ ከሥር መሠረቱ ነገርኳት።

«ልክ ነበር እንዴ ሰውዬው?» አለች።

ልክ ነበር። እስካሁን አልነገርኩትም። ነገ ጠዋት ስብሰባው ላይ ሁሉም ቆሞ እያለ እነግረዋለሁ፤ ጮክ ብዬ።